ከንቲባው ያልጠጣው የሎሚ ጭማቂ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ልጄ ዮናታን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ አሮጌ ሲኒማ ቤት ይዞኝ ገባ። ሲኒማ ቤት መግባት ልማዴ አይደለም። መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ሳላይ ስለማልቀመጥ ዳር ወንበር ያዝን። መብራቱ ጠፋና ጥቁርና ነጭ ፊልም ጀመረ። ሻንጣ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ከባቡር ሲወርድ ሳይ የዮናታንን ክንድ ያዝኩት።

«ምነው ማሚ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ይኼን ፊልም አውቀዋለሁ።»

«አንቺ? ፊልም?» አለና ሳቀብኝ።

አልፈረድኩበትም። ቤታችን ውስጥ ፊልም ሲከፈት እኔ ወይ ልብስ አጥፋለሁ ወይ እተኛለሁ። ይኼን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከማስታውሰው በላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በሥራ ሰዓት፣ ፓልምስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሚስተር ሊዮ ከሚባሉ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ። የፊልሙን ስም እዚህ አልጽፍም። እሳቸውም በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ሥራዬን ክፈቺልኝ» ነበር የሚሉት።

የሎሚ ጭማቂው ቦታ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ዮናታንም ወደ ፊት ተደፍቶ ሳቀ። እኔ የማየው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ጆግ ነበር። በውስጡ ጠብታ ሎሚ እንደሌለ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መኪና ውስጥ ስንገባ ታሪኩን ነገርኩት። «ጻፊው እንጂ» አለኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የሚጽፈው ነገር ሊያምር እንደማይችል አውቃለሁ። ቢሆንም ጉልበቴ ሥራ ካስቆመኝ ወዲህ ጊዜ አለኝ፤ ሥራዬንም በደንብ አውቀው ነበር።

ሥራዬ ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ነበር። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ ስንመጣ ባሌ መኪና መንዳት ጀመረ፣ እኔ ደግሞ ለሱቅ የሚበቃ እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ሥራውን ያስያዙኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። እትዬ ዘነበች ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው እዚህ የመጡ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው የማይምር ሴት ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ምግብ ቤት መስኮት ዳር ይቀመጣሉ፤ ሥራ የፈለገች ሁሉ ወደሳቸው ትሄዳለች። እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። «እፈራለሁ» አልኳቸው። «ጥሩ። የማትፈራ ሴት ሰው ትጥላለች» አሉ።

መጀመሪያ ፓሳዴና የሚባል ከተማ ወሰዱኝ። የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ የሙዚቃ አስተማሪ የነበሩ አሮጊት ነበሩ፤ እትዬ ዘነበች ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። ሥራውን የተማርኩት እዚያ ነው። የቀጠረን ኤጀንሲ ትምህርት የግማሽ ቀን ቪዲዮ ነበር፤ የእትዬ ዘነበች ትምህርት ግን አላለቀም። እጃቸውን የሚታጠቡት ወጥ ቤት ገብተው አልነበረም፤ ሳህንና ውሃ ይዘው መጥተው አሮጊቷ እያዩዋቸው ነበር። በር ላይ አይቆሙም፤ ብርሃን ከኋላ ሲሆን ሰው ጥላ ብቻ ይመስላል፣ ጥላ ደግሞ ሽማግሌ ያስደነግጣል ይላሉ። ከመንካታቸው በፊት የሚያደርጉትን ሁሉ ይናገራሉ፤ «አሁን ቀኝ እግርዎን ላነሳ ነው፣ አሁን ካልሲውን ላወልቅ ነው።» ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ በአማርኛ እናገር ነበር። እትዬ ዘነበች ግድ የላቸውም።

«እጅሽ ከመድረሱ በፊት ድምፅሽ ይድረስ» ይሉኝ ነበር። «ቋንቋው ምንም ይሁን።»

ከፓሳዴና ቀጥሎ ሎንግ ቢች ሄድኩ። መርከበኛ የነበሩ ሰውዬ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ወደቡን እያዩ ይውላሉ፣ የሰጠኋቸውን ይበላሉ፣ ያመሰግናሉ። እዚያ ምንም አልተፈጠረም። በእኛ ሥራ ምንም ያልተፈጠረበት ቤት ጥሩ ቤት ነው። ስለ ክፍያው ብዙ የምለው የለም፤ የሠራሁትን ሰዓት የምሞላበትን ታይም ሺት እንዳልሳሳት ዮናታን ያይልኝ ነበር።

መርከበኛው ሲያርፉ ኤጀንሲው ፓልምስ መደበኝ። ባቡሩ ገና እዚያ አልደረሰም ነበር፤ ሐዲዱ እየተሠራ መንገዱ ሁሉ አቧራ ነው። ከፌርፋክስ በሁለት አውቶቡስ እሄድ ነበር። ሱፐርቫይዘራችን በስልክ የነገረችኝ፣ ሰውየው የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው፣ ሰው እንደሚጠረጥሩና ከእኔ በፊት ሌሎች ሠራተኞች እንደለቀቁ ነው። «ደንቡን ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ስጦታ አትቀበዪም፣ የደንበኛ ምግብ አትበዪም።» አውቃለሁ አልኳት። እኔ ደንብ ሲነገረኝ ደስ ይለኛል፤ የት መቆም እንዳለብኝ ይነግረኛል።

ሚስተር ሊዮ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸውን የሸፈነ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል። ካረን የምትባል አንድ ልጃቸው ፓሳዴና ቢሮ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ስሜ አበራሽ ነው። ለመጥራት አስቸገራቸውና «አቢ» አሉኝ፤ አንዳንድ ቀን ግን ያንንም ረስተው «አንቺ ሴትዮ» ይሉኛል።

ከምሳ በፊት ሁልጊዜ ያ ፊልም ይከፈታል። ታሪኩ ቀላል ነው። ሻንጣ የያዘው ሰው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ጊዜው አሜሪካኖች ኮሚኒስት በየጓዳው ገብቷል ብለው የሚሰጉበት ነውና የትንሿ ከተማ ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ ጠላት የላከው ቦምበኛ ነው ይላሉ። ከንቲባው ኮሚቴ ያቋቁማል። ኮሚቴው ሰዓት ጠጋኙን ይከታተላል፤ ቀጥሎ ሰዓት ጠጋኙን እንደምን አደርክ ያለውን ዳቦ ጋጋሪ፤ ቀጥሎ ከዳቦ ጋጋሪው ዳቦ የገዛችውን አስተማሪ። በመጨረሻ ዳቦ የሚጋግር፣ ደብዳቤ የሚያድል ጠፍቶ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተደብቆ ሌላውን ያያል። ከንቲባው የሚጠረጥረው ሰው ሲያልቅበት ራሱን ይከስና ገብቶ ይታሰራል። ከዚያ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ ይቸግረዋል።

የሎሚ ጭማቂው ነገር ከመሃል ላይ ነው። ኮሚቴው ሰዓት ጠጋኙን በዘዴ ሊመረምር ምሳ ይጋብዘዋል። ቀኑ የሚያቃጥል ነው። ጠረጴዛው ላይ በረዶ የተጨመረበት የሎሚ ጭማቂ ተቀምጧል። ግን ማንም አይቀዳም፤ ሁሉም ሌላው እስኪጠጣ ይጠብቃል። ላባቸው እየወረደ፣ ከንፈራቸውን እየላሱ፣ ተራ በተራ ተነስተው ስለ መተማመን ንግግር ያደርጋሉ። ከንቲባው ብርጭቆውን ያነሳል፣ ያየዋል፣ «ለነፃነታችን» ይልና መልሶ ያስቀምጠዋል። ሰዓት ጠጋኙ ግን ስለጠማው ጆጉን ከነበረዶው አንስቶ ጭልጥ ያደርገዋል። አሁን ይሞታል ብለው ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። እሱ አፉን በእጅጌው ይጠርግና «ሌላ አለ?» ይላል።

መጀመሪያ ሳየው አልሳቅሁም። ያደግሁበት ሰፈር እንደዚያ ያለ ኮሚቴ ነበረው። እናቴ በሯን ዘግታ እንኳ የዘይትን መወደድ አታነሳም ነበር።

ሚስተር ሊዮ ፊቴን አዩት። «ለምን አትስቂም?»

«እኛ አገር ኮሚቴው አያስቅም።»

«እኛም አገር አያስቅም ነበር» አሉኝ። «የሠራነው ለዚህ ነው።»

የእሳቸው ድርሻ ዕቃ ማቅረብ ነበር። ሰዓቱን፣ ሻንጣውን፣ ብርጭቆውን፣ ተዋናዮቹ የሚነኩትን ሁሉ የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ጊዜ ገና ወጣት ናቸው። ጠዋት ምን እንደበሉ የማያስታውሱ ሰው ስለዚያ ጆግ ሲናገሩ ግን አይሳሳቱም። «ሎሚ የለበትም» ይላሉ። «ተዋናዩ ጨጓራው ታማሚ ነበር። ያን ቦታ ቀኑን ሙሉ ነው የቀረጽነው፣ ደጋግሞ መጠጣት ነበረበት። ውሃ ውስጥ ወተት ጠብ አደረግሁበት። ጥቁርና ነጭ ላይ የሎሚ ጭማቂ ይመስላል። ወተቱ ከበዛ ወተት ነው፣ ካነሰ ውሃ ነው።» ጣታቸውን አጠጋግተው መጠኑን ያሳዩኛል። ነገ ደግሞ እንደ አዲስ ይነግሩኛል፤ እኔም እንደ አዲስ እሰማለሁ። እትዬ ዘነበች «ሰምቻለሁ አትበያቸው፤ ሽማግሌን ከማስታወስ የሚከለክለው እሱ ነው» ብለውኛል።

ጥርጣሬያቸው ከየት እንደመጣ የነገረችኝ ካረን ናት። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ኮሚኒስት የሚያድነው እውነተኛው የመንግሥት ኮሚቴ ፊልም ሠሪዎችን ይጠራ ጀመር። ቤታቸው እየመጣ የሚበላ አንድ ወዳጃቸው የእሳቸውን ስም ሰጠ። ከዚያ ብዙ ዓመት ወደ ፊልም ሥራ አልተመለሱም፤ ጫማ ሲሸጡ ኖሩ። ካረን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አባቷ ስለዚያ ሰው ሲያወሩ አልሰማችም፤ የምታውቀውን የነገሯት እናቷ ናቸው። ሕመሙ ሲመጣ ግን የኖሩበትን ዝምታ ወሰደና ፍርሃቱን ብቻ ተወላቸው። «ወደዚህ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ለሳቸው እሱ ነው» አለችኝ።

ይኼ ሲነገረኝ ሊገባኝ የሚገባ ነገር ነበር። አልገባኝም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳህን ሳቀርብላቸው «አንቺም ብዪ» ይሉኝ ነበር።

«ጠግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

«ትንሽ።»

«በፍጹም፣ እርስዎ ይብሉ።»

ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ብዪ ስትባል ዘላ እጇን የምትሰድ ሴት አድርጎ እግዜር አልፈጠረኝም። እኛ ቤት እንግዳ ሲጋበዝ ጠግቤያለሁ ይላል፤ ሲለመን በሞቴ ሲባል ይቀርባል። እሳቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ ብለው ይተዋሉ። ደንቡም አለ። ስለዚህ ሾርባውን አስቀምጬ፣ እጄን አጣምሬ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ እስኪበሉ እጠብቃለሁ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

በዚያ ላይ ስልኩ መጣ። ዮናታን ሎንግ ቢች መጋዘን ሥራ አገኘና በፍሪዌይ፣ መኪና በሚከንፍበት አውራ ጎዳና፣ ድራይቭ ማድረግ ጀመረ። እኔ ፍሪዌይ ላይ መኪና ሳይ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። ሲደርስ ካልደወለ እንደማልሠራ ነገርኩት። የሚደውለው ፊልሙ መሃል ላይ ሲደርስ ነው። ትልቅ ሰው ፊት በስልክ መጮህ ነውር ስለሆነ በረንዳ እወጣለሁ፣ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ፣ አፌን በእጄ ከልዬ ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

«ደረስክ?»

«ደርሻለሁ ማሚ። ፓርክ አድርጌያለሁ።»

«መስመሩ ውስጥ ነው ያቆምከው?»

«ኦኬ ነው፣ መስመሩ ውስጥ ነው።»

«ቁርስስ?»

«ማሚ፣ ቦሱ እያየኝ ነው።»

አንድ ቀን ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል የበረንዳው በር ከውስጥ ተቆልፏል። ሚስተር ሊዮ በመስተዋቱ ወዲያ ቆመው ያዩኛል። አንኳኳሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቤቱን ስልክ አንስተው ደወሉ። ለካረን መስሎኝ ነበር።

የመጡት ፖሊሶች ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ከበረንዳው ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ።

«ሰር፣ ሰላዩ የት አለ?» አለ ወንዱ።

«በረንዳ ላይ ቆልፌባታለሁ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ወጥታ ሪፖርት ታደርጋለች። አፏን ሸፍና።»

በሩን ከፈቱልኝ። መታወቂያዬን፣ ግሪን ካርዴን፣ የኤጀንሲውን ባጅ፣ ሁሉንም በፕላስቲክ ከረጢት እንደተጠቀለለ አወጣሁ። ባጁን ብቻ አየና መለሰልኝ።

«ለማን ነው የምትደውዪው?»

«ለልጄ።»

«ምን ትዪዋለሽ?»

«ደረስክ ወይ፣ ቁርስ በላህ ወይ።»

ሴቷ ፖሊስ «ቁርጥ እናቴን» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሚስተር ሊዮ ይኼን አይተው ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እነሱም ከእሷ ጋር ናቸው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ አልበሉም። ኤጀንሲው ሌላ ሠራተኛ ላከ፤ ከእሷም አልበሉም። ስለዚህ መልሰው እኔን ላኩ። የታሸገ ብስኩት ራሳቸው ከፍተው ይበላሉ፣ ከባኞ ቤቱ ቧንቧ በመዳፋቸው ትንሽ ውሃ ተቀብለው ይጎነጫሉ፣ ሌላ የለም። መድኃኒታቸውን ምላሳቸው ሥር ይዘው ይቆዩና ይተፉታል። የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ ሳደርገው ቶሎ አይመለስም ነበር፤ ውሃ እንዳነሳቸው የሚታወቀው በዚህ ነው። ፊልሙን ግን ያያሉ። የሎሚ ጭማቂው ቦታ ላይ አይስቁም፤ ኮሚቴው ትክክል ነው በሚል ዓይን ያዩታል።

ካረን መጥታ ወጥ ቤት ቆመን ተነጋገርን። ክፉ ሰው አይደለችም። ፓሳዴና፣ ለቢሮዋ ቅርብ፣ አንድ መጦሪያ አይታለች። «ከዚህ ቤት በእግሬ አልወጣም ብለውኛል፣ ልቦናቸው ደህና ሳለ» አለችኝ። «ግን ውሃ የማይጠጣ ሰው እዚህ ላቆይ አልችልም። ዓርብ እወስዳቸዋለሁ።» ወደ አዲስ ቦታ፣ ወደ ብዙ እንግዳ ፊት የሚወሰድ እንደሳቸው ያለ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ለሳቸው እዚያ ያለው ሁሉ ኮሚቴ ነው። እሷም የምታውቀው ይመስለኛል።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ፌርፋክስ ሄድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆንም ደውዬላቸው ስለነበር እትዬ ዘነበች መስኮቱ ዳር ጠበቁኝ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ፖሊሱን፣ ስልኩን፣ ዓርብን። ሳይስቁ ሰሙኝ።

«የምታቀርቢላቸውን ቀምሰሽላቸዋል?» አሉኝ።

«ምኑን እትዬ?»

«ሾርባውን፣ ውሃውን።»

«ደንቡ አይፈቅድም። ደግሞ ብዪ ሲሉኝ ጠግቤያለሁ ነው የምለው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ብዪልኝ እያሉ እየለመኑሽ፣ አንቺ የሠራሽውን አልቀምስም ብለሽ፣ እጅሽን አጣምረሽ ቆመሽ ታያቸዋለሽ?»

አሁንም አጣምሬው የነበረውን እጄን ፈታሁ።

«እኔም ብሆን አልበላልሽም።»

«ይሉኝታ ይዞኝ እኮ ነው።»

«ይሉኝታን ፈረንጅ በየት በኩል ያውቀዋል?» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ያለውን የውሃ ጠርሙስ አነሱ። የእትዬ ዘነበች አባት በአንድ ባላባት ቤት አሳላፊ ነበሩ፤ ጠጅ የሚቀዱ። አሳላፊ ጠጁን ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም፣ ካለበትም መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ቸርች ስለምሄድ ጠጅ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ነገሩን በወሬ ነበር የምሰማው። እትዬ ዘነበች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ሲያቀርቡልን እንኳ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግራ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ውሃ ጠብ አደረጉ፣ ዓይኔን እያዩ ጠጡ፣ ከዚያ ብርጭቆዬን ሞሉ።

«ዓይናቸውን እያየሽ» አሉኝ። «ጀርባ ሰጥተሽ የቀመስሽው አይቆጠርም።»

«ደንቡንስ እትዬ?»

«ሱፐርቫይዘርሽን ጠይቂ። ሳትጠይቂ አታድርጊው፤ ፈሪ ስለሆንሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

በማግስቱ ጠዋት ከአውቶቡስ ሳልወርድ ደወልኩላት። ሱፐርቫይዘሬ «መቅመስ መብላት አይደለም» አለችኝ። ከዚያ «ዓርብ ነገ አይደለም እንዴ?» አለች። ነው አልኳት።

ፊልሙን ከፈትኩላቸው። የሎሚ ጭማቂው ቦታ ሳይደርስ ወጥ ቤት ገብቼ ጆግ ውስጥ ውሃና በረዶ አደረግሁ፤ ወተት ጠብ አደረግሁበት። ስለቸኮልኩ ሌላም ጠብታ ገባበት። ይዤ ስመለስ ኮሚቴው ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል። ጆጉንና ሁለት ብርጭቆ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሚስተር ሊዮ ጆጉን አዩ፣ ፊልሙን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሚስተር ሊዮ፣ አሁን ልቀምስልዎት ነው» አልኳቸው። ድምፄ ከእጄ ቀድሞ ይድረስ ብዬ።

መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ዓይናቸውን እያየሁ ጠጣሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከንቲባው ለነፃነት ብርጭቆውን ያነሳል። ያን ጊዜ አንዱን ብርጭቆ ሞላሁና ቆሜ ጭልጥ አደረግሁት። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ስጠጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው አይቶኝ አያውቅም። አፌን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«ሌላ አለ?» አልኳቸው።

ቅንድባቸውን ሰብስበው አዩኝ። ኮሚቴው ሰዓት ጠጋኙን እንደሚያየው፣ መውደቄን እየጠበቁ። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በፊልሙ ውስጥ ሰዓት ጠጋኙ ተነስቶ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ሚስተር ሊዮ ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ አነሱት፣ ብርሃን ላይ አዩት።

«ወተቱ በዝቷል» አሉ።

ጠጡትም።

ዓርብ ካረን ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። አባቷ ሾርባ እየበሉ ነበር፣ እኔም ከጎናቸው፤ በየተራ፣ አንድ ማንኪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሳቸው። ሻንጣውን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ቆመች። «ቁጭ በዪ» አሏት አባቷ፤ «እሷ ቀምሳዋለች።» ሻንጣው በሩ አጠገብ ሳምንት ያህል ቆየና ወደ ቁም ሣጥን ገባ።

ስልኩንም ቀየርኩ። ዮናታን ሲደውል በረንዳ አልወጣም፤ ከሚስተር ሊዮ ፊት ተቀምጬ ድምፁን ከፍ አድርጌ አናግረዋለሁ። መጀመሪያ ተኮሳትረው ሰሙ። ቆይተው እሳቸውም ገቡበት።

«ደረሰ?» ይሉኛል።

«ደርሷል።»

«ፓርክ አደረገ?»

«አድርጓል።»

«መስመሩ ውስጥ?»

ዮናታን በስልኩ ውስጥ ሲሰማ «ማሚ፣ አሁን ሁለት ሆናችሁ?» ይላል።

ሁልጊዜ እንደዚያ ሰላም ነበር ማለቴ አይደለም። የጥርጣሬ ቀን ይመጣል፣ ይሄዳል። ግን በልተው፣ ጠጥተው፣ ቤታቸው ኖሩ። ፊልሙን መጀመሪያ እያዩ መሳቅ ተዉ፣ ኋላ ማየትም ተዉ፤ ብከፍተው የማን እንደሆነ አያውቁትም። የእኔን ስም ረሱ፣ የካረንንም ረሱ። እኔ መቅመሴን አልተውኩም። በመጨረሻም በዚያው ቤት፣ በራሳቸው አልጋ፣ ካረን እጃቸውን ይዛ አረፉ። ከሳቸው በኋላ የሠራሁበት ቤት የለም።

ከማረፋቸው በፊት ግን አንድ ጠዋት ነበር። የዮናታን ስልክ የሚመጣበት ጊዜ አለፈ። ብደውል አይነሳም። ሬዲዮው በፍሪዌዩ ላይ አደጋ አለ ብሏል። ኋላ እንዳወቅሁት ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል፤ ከሰዓት በኋላ በባልደረባው ስልክ ደወለልኝ። ያን ጊዜ ግን አላውቅም ነበር። ሥራዬን እየሠራሁ ያለሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሚስተር ሊዮ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን አያለሁ። አፌ ደርቋል። ምሳቸውን አላቀረብኩም፣ ውሃውንም አልቀዳሁም፣ አልቀመስኩም።

ሚስተር ሊዮ ሙሉ ቃል ሲናገሩ ከሰማሁ ብዙ ወራት አልፎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጆግ በሁለት እጃቸው ሳቡት። ልነሳ ስል እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጡኝ። ግራ መዳፋቸውን ጎድጎድ አደረጉ፤ አብዛኛው በሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ፣ ትንሽ ተረፈ። ዓይኔን እያዩ ጠጡት። ከዚያ ብርጭቆውን ሞልተው ወደ እኔ ገፉት።

«ጠጪ» አሉኝ።

ጠግቤያለሁ አላልኩም። በመጀመሪያው ግብዣ ጠጣሁ።